ከማኅበር ለመውጣት ቡሬ ድረስ

አዳማ ያሉ ወዳጆቼ "ጎጃም እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ብርድ ነው" ብዬ አልፋቸዋለሁ። ውሸት አልተናገርኩም፤ በእርግጥ ብርድ ነው። ግን አራት ቀን የፈጀብኝን ነገር በአንድ ቃል መጨረስ ሰው ማታለል እየመሰለኝ ስለመጣ፣ ለማይቸኩል ሰው እንዲሆን ከተመለስኩ በኋላ እንዲህ ጽፌዋለሁ። አብዛኞቻችሁ ያን አገር ሄዳችሁ አታዩትም። እኔም ብሆን እዚያ ተወልጄ፣ በሰባት ዓመቴ አክስቴ ወደ አዳማ ካመጣችኝ ወዲህ የተመለስኩበት ጊዜ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው።

የሄድኩት ከማኅበር ለመውጣት ነው። እናቴ ወይዘሮ ደብሬ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በተራ፣ በአንድ ሰው ቤት ይሰበሰባል። ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ በጽዋ ይዞራል። ማኅበርተኛ ሲሞት ቦታውን ልጁ ይወርሳል። እናቴ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት የማኅበሩ መሪ ደወሉልኝ። መሪውን "ሙሴ" ነው የሚሉት፤ ስማቸው አያ ካሴ ነው።

"ቦታው ባዶ ነው ልጀ። የምትይዥ ከሆነ ያዥ፤ የማትይዥም ከሆነ መጥተሽ በአፍሽ ልቀቂ።"

"በስልክ ብለቅ አይሆንም?" አልኳቸው።

"ጽዋ በስልክ አይጠጣም፤ በስልክም አይለቀቅም" አሉኝና መንገዱ መከፈቱን፣ አገሩም ለጊዜው ሰላም መሆኑን ነግረውኝ ዘጉት።

ሌላም ለሰው ያልነገርኩት ጉዳይ ነበረኝ። እማማ አንጓች የሚባሉ የእናቴ ጎረቤት አሉ፤ ከእናቴ ጋር አጥር ለአጥር የኖሩ ሴት ናቸው። እናቴን ሊቀብሩ አልመጡም። ከጎረቤት ቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤታችን "መንፈሳዊ ብስለት" የሚል ኮርስ አስተምራለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ይቅርታ ነው፤ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ የራሴን ምሳሌ እሰጣለሁ። "እናቴን ያልቀበረችን ሴት በልቤ ይቅር ብያታለሁ" እላለሁ፤ ተማሪዎቼም ይደነቃሉ። ሆኖም ቦታውን ለቅቄ ስወጣ ለእኒሁ ሴት የምናገራትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአዳማ ጀምሬ አሰናድቼ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ተገኘሁ። መኪናው ከፍኖተ ሰላም አያልፍም፤ ቡሬ ለመግባት እዚያ ማደር ግድ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኙ። ትከሻዬን ለጽድቅ ብዬ ተውኩላቸው፤ ሲነቁ ግን "ምነው ዝም አልሽ?" ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እያወለቀ ያማርራል፤ እኔ ግን አዳማ የደረስኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንደርስ ብርዱ እንደገና መጣ።

ምሳ ደጀን በላን። ዓርብ ነውና ሽሮ ነው። ከአዳማ ሽሮ ይልቅ ቀጠን ይላል፤ እንጀራው ግን እጅ ያስቆረጥማል። ሒሳብ ስጠይቅ እነዚያ ተኝተውብኝ የመጡት ሰውዬ ከፍለውልኝ ኖሯል፤ ስለ ትከሻዬ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሜዳ ነው፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ኑጉ ቢጫ አበባውን አውጥቷል። እኔ ግን የማየው ብዙም አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሬን ሳስተካክል ነው የዋልኩት። ደጀን ላይ ረጅም ነበረች፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አሳጠርኳት፤ ደምበጫ ላይ ጥቅስ ጨመርኩባት፤ ጂጋ ላይ ጥቅሱን አወጣሁት። ፍኖተ ሰላም ስንገባ እንዲህ ሆና ነበር፦ "ለቀብር ያልተነሣ እግር ለድግስ እንዴት ተነሣ?" ስሠራት የተናደድኩ አይመስለኝም ነበር። ልብስ እንደሚያስተካክል ሰው ጸጥ ብዬ ነበር የምሠራት።

ከመኪናው ስወርድ የጫማዬ ሶል ከላዩ ተለየ። ለአስፋልት የተገዛ ጫማ ነው፤ አቧራና ድንጋይ አልለመደም። አንድ እግሬን እየጎተትኩ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ አልጋ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ደልደል ያሉ ጠይም ሴት ናቸው፤ ፊቴን ሳያዩ እግሬን አዩ። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። ብዙም ሳልቆይ ሙቅ ውሃ በጀሪካን፣ ሳፋም በሌላ እጃቸው ይዘው ክፍሌ መጡና ተንበረከኩ።

"ኧረ እኔ ራሴ እታጠባለሁ!" አልኳቸው።

"እንግዳ አይደለሽም? በኛ አገር እንግዳ ራሱን አያጥብም።"

"እባክዎ እትዬ፣ ያሳፍረኛል።"

"እግርሽን አምጭ ብየሻለሁ!"

አዳማ አልጋ የሚያከራይ ሰው መታወቂያ ተቀብሎ ቁልፍ ይሰጣል፤ እግር ይኑርህ አይኑርህ ጉዳዩ አይደለም። ሕፅበተ እግርን በኮርሱ በአንደኛው ምዕራፍ አስተምራለሁ፤ መታጠብ እንዲህ እንደሚያሳፍር ግን ማንም አልነገረኝም። እኔ እግሬን ስሰበስብ እሳቸው ሲስቡ የውሃው ግማሽ አልጋው ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ከት ብለው ስቀው ፍራሹን ገለበጡት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ የራሳቸውን ጥቁር ኮንጎ ጫማ ሰጡኝ፤ ያ ገበሬው ሁሉ የሚያደርገው የላስቲክ ጫማ ነው። በአንድ ቁጥር ይሰፋኛል። ቀሪውን ጉዞ በሱ ነው የተጓዝኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ጠዋት በሚኒባስ በማንኩሳ አልፌ ቡሬ ገባሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎና በርበሬ ነው። እኛ በርበሬን የምናውቀው ተፈጭቶ በላስቲክ ታስሮ ነው፤ እዚህ ተክሉ ላይ እንዳለ እየቀላ ነው፤ የሚኒባሱ ሰው በሙሉ በመስኮት እያየ የማን ማሳ እንዳማረ ይከራከራል።

ከቡሬ በባጃጅ ተሳፈርኩ። ጥቅምት ነው ዝናቡ ወጥቷል ብዬ ነበር፤ ለካ ለባጃጁ ማንም አልነገረውም፤ ከአንድ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወርጄ ልገፋ ስሞክር አንዷ ኮንጎ ጭቃው ውስጥ ቀርታ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ሾፌሩ፣ ጸጉሩን ቁንዳላ የተሠራ ወጣት፣ ኮንጎዋን መዞ አወጣና በሳር ጠርጎ አቀበለኝ። "ማዘር፣ ከዚህ ወዲያ በሷ ይሂዱ፤ ከኔ ባጃጅ እሷ ትሻላለች" አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ሰዓት ያህል በሷ ሄድኩ።

ያረፍኩት እትዬ ሙሉ ቤት ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ የዚያ ወር የማኅበሩ ደጋሽም እሳቸው ነበሩ። ቤቱ በማግስቱ ድግስ ተጨናንቋል፤ ጋኑ ሞልቷል፣ ዱቄቱ ተቦክቷል። እኔ ግን ከመቀመጤ ዶሮ ወጥ ቀረበልኝ። ለኔ ብለው ነው ያረዱት።

"እትዬ ሙሉ፣ እኔ ጽጌን እጾማለሁ" አልኳቸው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ያልጾመውን ማንም አይጠይቀውም። እኔ ግን አሥር ዓመት አላፈረስኩትም፤ ይህንንም የሚያውቅልኝ ሰው አላጣም።

"እኔም እጾማለሁ" አሉ። "እንግዳ እስኪመጣ ነው የምጾመው።"

ሰሃኑን አንስተው ሽሮ አመጡልኝ፤ ዶሮውን ለጎረቤት ላኩት። ሽሮው ጣፋጭ ነበር፤ ቢሆንም አልጨረስኩትም።

ከራት በኋላ ስለ እናቴና ስለ እማማ አንጓች የማላውቀውን ነገሩኝ። እናቴ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተክላ ኖሯል። ዛፉ ውሃውን እየጠጣ የእማማ አንጓችን የበርበሬ መደብ አደረቀው። ቁረጭው ብለው ቢለምኗት እንቢ አለች። አንድ ቀን የእማማ አንጓች ልጅ በመጥረቢያ ጣለው። ከዚያ ወዲያ እናቴ እስክትሞት ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

"ሽማግሌ ብንልክ፣ ቄስ ብንልክ፣ እናትሽም እንቢ፣ እሷም እንቢ!" አሉ እትዬ ሙሉ። "የተጣላ ሰው ደግሞ ጽዋ አይጠጣም። ሁለቱም ከደጅ ቀሩ።"

"እናቴ ከማኅበር ቀርታ ነበር?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ። አልነገረችሽም እንዴ?"

አልነገረችኝም። በየወሩ በሃያ አንድ ስደውልላት "ዛሬ ማርያም ናት" ትለኛለች፤ እኔም ከማኅበር የተመለሰች ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ቤቷን ዘግታ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር ማለት ነው።

"አንጓች ዛሬም እደጅ ናት" አሉ። "ሙት አይታረቅ። የሙት ልጅ ካልታረቀቻት ጽዋም አትጠጣ፣ አትቆርብ። እሷም አርጅታለች፤ እንዲህ እንዳለች እንዳትሞት ነው የምንፈራው።"

አያ ካሴ በስልክ አይሆንም ያሉበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። ተታልዬ እንደመጣሁ ቆጥሬ ተቀየምኩና ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው እትዬ ሙሉ ቤት ተሰበሰበ፤ ሠላሳ ሰው ይሆናል። አዳማ ማኅበራችን በአዳራሽ፣ በወንበር፣ በማይክ ነው፤ ሦስት ሰው ንግግር ሳያደርግ ምግብ አይቀርብም። እዚህ መደብ ላይና የተጎዘጎዘ ሳር ላይ ነው፤ ንግግርም የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል የቀመሰ ትልቅ ሰው አልነበረም። ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሐል ላይ ተቀምጧል። ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ከዚያ አያ ካሴ ተነሡ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

"የተጣላ ካለ ይናገር። ሳይናገር የጠጣ ጽዋው ይፈርድበታል።"

ሰው ሁሉ እኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ተነሣሁና ኮርስ እንደማስተምር ሆኜ ተናገርኩ። "እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። የበደለችንንም በልቤ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ። የመጣሁት የእናቴን ቦታ በሰላም ለመልቀቅ ነው።"

"እግዜር ይስጥሽ" አሉ አያ ካሴ። "በልብሽ ያልሽውን አንጓች ሰምታዋለች?"

"አልሰሙም።"

"እንግዲያማ ይቅር ያልሽው ራስሽን ነው።" ይህን ብለው ወደ በሩ ዞሩና "ግቢ" አሉ።

እማማ አንጓች ገቡ። በሐሳቤ ግዙፍ ሴት ነበሩ፤ የገቡት ግን የአሥር ዓመት ልጅ የሚያህሉ አሮጊት ናቸው። ማጅራታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምን ሰምቻለሁ እንጂ አይቼ አላውቅም። መጥተው እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

ዓረፍተ ነገሬ አመለጠችኝ። "ለቀብር ያልተነሣ እግር ለድግስ እንዴት ተነሣ?" አልኩ፤ ድምፄ ቤቱን ሞላው።

ለሚሰጡኝ ምክንያት ሁሉ መልስ ይዤ ነበር፤ ታምሜ ነበር ቢሉ፣ አልሰማሁም ቢሉ፣ ልጄ ከለከለኝ ቢሉ።

"ልክ ነሽ ልጀ" አሉ። "በቂም ነው የቀረሁ። አልታመምሁም። ልቅሶው በደጀ ሲያልፍ ሰማሁት፤ ተነሣሁና በሬን ዘጋሁት። ታምሜ ነበር በይ ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ አልልም አልሁ። በቂም ነው።"

ለውሸት የሚሆን መልስ ነበር የያዝኩት። "አልችልም" አልኩ።

"እንጠብቃለን" አሉ አያ ካሴና ተቀመጡ።

ጠበቁ። ማንም አልለመነኝም፣ ማንም አልገሠጸኝም። እኛ ጋ ቢሆን ሦስት ሰው ጆሮዬ ሥር ጥቅስ ይጠቅስልኝ ነበር። እነሱ ስለ በቆሎ ነቀዝ ያወራሉ፤ ስለ አንድ የጠፋ ወይፈን ያወራሉ። ዳቦው እንደተሸፈነ ነው። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ ከጓዳ ቆሎ አምጥታ አፉን አስያዘችው። በበሩ የገባው ፀሐይ ከሳሩ ወደ ግድግዳው ወጣ። እማማ አንጓች እንደተንበረከኩ ናቸው። ክንዳቸው መጀመሪያ በትንሹ፣ ኋላ እስከ ትከሻቸው ድረስ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"ኧረ አንድ ሰው ድንጋዩን ያውርድላቸው!" አልኩ በመጨረሻ፤ ተቆጥቼ።

"ካንች በቀር የሚያወርደው የለም" አሉ እትዬ ሙሉ።

ተነሣሁ። ከማስተምረው ነገር አንዱም በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም፤ ክንዳቸው ነው ያሳዘነኝ። ድንጋዩን ሳነሣው ከብዶኝ ልወድቅ ነበር። መሬት አስቀምጬ "ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ብዬም ዝም ማለት አቃተኝ። "ቅድም ጠብ የለኝም ያልኩት ውሸት ነው። ዓመት ከአራት ወር ተጣልቻቸው ነው የኖርኩት። አሁንም ይቅር ያለው አፌ ነው፤ ልቤ ገና ጂጋ አልደረሰም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱም ስቀው "ግድ የለም ልጀ" አሉኝ፤ "አፍ ቀድሞ ይደርሳል፣ ልብ እያዘገመ ይመጣል። ብቻ መንገድ ይግባ።"

የእማማ አንጓችን ጉልበት ሳምኩ፤ እሳቸውም ጉልበቴን ካልሳምኩ ብለው ታገሉኝ። ቄሱ "እግዚአብሔር ይፍታ" አሉ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ጽዋው እማማ አንጓች ጋ ሲደርስ ቶሎ አልጠጡም። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውስጡ እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጠጥተው ለኔ አቀበሉኝ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ያልቀመሱት ነው።

አያ ካሴ ሲሄዱ "ቦታውንስ?" አሉኝ። "ነገ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። ማታ እትዬ ሙሉ ሽሮ ሲያቀርቡልኝ "ከትናንቱ ዶሮ የተረፈ ይኖር ይሆን?" ብዬ ጠየቅኩ። "ጎረቤት በላው" አሉ። ሽሮዬን በላሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ሻንጣዬን ሳሰናዳ እማማ አንጓች በማለዳ መጡ።

"ከመሄድሽ በፊት መቃብሯን አሳይኝ" አሉኝ። "እኔ እንደሁ አላውቀው። የአገሩን ሰው እንዳልጠይቅ ደግሞ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሳትሄጅ ነው ወይ እንዳይሉኝ አፈርሁ።"

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እኔ የቀበርኩ ነኝ፣ እሳቸው ያልቀበሩ ናቸው። በኮንጎዬ ከፊት ከፊት እየመራሁ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባን። አዳማ መቃብር ሲሚንቶ ነው፤ ስምና ፎቶ አለው። እዚህ ድንጋይ ይከመራል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቀው የሚመላለስ ሰው ነው። ከወይራው ዛፍ ሥር መሆኑን በደንብ አስታውሳለሁ። ከወይራው ሥር ሁለት ክምር ነበር። ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለት ክረምት አልፎባቸው ሁለቱም ላይ ሳር በቅሏል።

አንዱን ዞርኩት፤ ሌላውን ዞርኩት። እናቴን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን ወደ አዳማ ተመልሻለሁ። አርባዋን ያወጣሁት በስልክ ነው። ሙት ዓመቷ ከኮርሱ ምረቃ ጋር ስለገጠመብኝ አልመጣሁም። ከዚያች ቀን ወዲህ ወደዚያ ወይራ እግሬ አልዞረም።

"የትኛዋ ናት?" አሉ እማማ አንጓች።

ሁለቱንም እንደገና ዞርኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንችም?"

"እኔም" አልኳቸው።

ይፈርዱብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ መፍረድ ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱን ክምር ተራ በተራ እያዩ ቆሙ።

"ቄሰ ገበዙን እንጠይቃቸው?" አልኩ።

"ሁለታችን ተያይዘን ሄደን?" አሉ። እኔም አፈርኩ። ተያየን፤ ላንጠይቅ ተስማማን።

"እንግዲያማ ከሁለቱም ላይ እናልቅስ" አሉ።

እሳቸው በቀኙ፣ እኔ በግራው ተቀመጥን። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ቆየት ብለን ቦታ ተቀያየርን። ከሁለቱ አንደኛው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም ይሁን በደንብ ተለቅሶለታል።

መንገድ ይመሽብሻል ብለው እሳቸው ናቸው ያስነሡኝ። ከግቢው ስንወጣ "ለአያ ካሴ ቦታውን አልለቅም ብላለች ይበሉልኝ" አልኳቸው።

"ለምን ቢሉኝሳ?"

"እናቷን ገና አላገኘቻትም፣ እየፈለገቻት ነው ይበሏቸው።"

እማማ አንጓች ነጠላቸውን አጣፍተው ትንሽ አሰቡ።

"እየፈለግናት ነው እላቸዋለሁ" አሉ።